ቅልጥ አለት የያዘው ኦክሲጅንና የእሳተ ገሞራ ጠባይ

በታህሳስ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በአፋር ክልል በዶፈን ተራራ አካባቢ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ወደ ላይ ሲተፋ በታየበት ወቅት ብዙዎች ያነሱት ጥያቄ አንድ ነበር። ይኸውም የሚወጣው ነገር ከመሬት በታች የፈላ ውሃ ነው ወይስ የእሳተ ገሞራ መጀመሪያ የሚል ነው።

ጥያቄው የማወቅ ጉጉት ብቻ አልነበረም። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሳቢያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ጊዜያዊ መጠለያ እንዲዘዋወሩ ተደርጓል። ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ስንጥቅ ተከትሎ መግባቱን የሳተላይት መረጃዎች አመልክተዋል፤ ይሁን እንጂ ቅልጥ አለቱ በወቅቱ ወደ ገጸ ምድር አልወጣም። ነዋሪውን መቼ ማንሳት፣ መቼስ መመለስ እንደሚገባ የሚወስን ኃላፊ በእንዲህ ያለ ጊዜ በእጁ ሊኖር የሚገባው መረጃ ከዓይን ምስክርነት ያለፈ መሆን አለበት።

ምክንያቱም ከከርሰ ምድር ውሃ የሚወጣውም ሆነ ከቅልጥ አለት የሚወጣው እንፋሎት ለዓይን ሁለቱም ነጭ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከእንፋሎቱ ጋር ተቀላቅሎ በሚወጣው ጋዝ ዓይነት ላይ ነው። የጋዙን ዓይነት ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ዋነኛው ደግሞ የስነ ምድር ባለሙያዎች የቅልጥ አለት የኦክሲዴሽን ደረጃ የሚሉት ነው።

ኦክሲዴሽን የሚለው ቃል ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ክንውኑ በየቤቱ የሚታይ ነው። ደጅ የተጣለ ሚስማር የሚዝገው ብረቱ ኤሌክትሮኖቹን ለአየር ኦክሲጅን ስለሚሰጥ ነው። ብረት በአለት ውስጥ በዋናነት በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሦስት ኤሌክትሮን የሰጠውና የበለጠ የዛገው ነው። የመጀመሪያው ለአለቱ ጥቁር ወይም አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀይ ቀለም የመስጠት ባህርይ አለው።

ለዚህ ቅርብ ማስረጃ የሚሆነው ለመንገድ ጥርጊያና ለግንባታ የሚውለው፣ በተለምዶ «ሬድ አሽ» እየተባለ የሚጠራው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በቢሾፍቱና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ይህ ድንጋይ ከሚወጣባቸው ኮረብቶች በአንዳንዶቹ ላይ ቀይና ጥቁር ንብርብር ጎን ለጎን ይታያል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ዓይነት ቅልጥ አለት ሊሆን ይችላል። ቀዩ ገና በጋለበት ሰዓት አየርና እንፋሎት አግኝቶት ብረቱ በይበልጥ የዛገ ሲሆን፣ ጥቁሩ ግን ለዚህ ጊዜ ሳያገኝ የቀዘቀዘ ነው።

ይህ ከገጸ ምድር በላይ የሚሆነው ነው። ከመሬት በታች በጥልቀት በሚገኘው ቅልጥ አለት ውስጥ ግን እንደ አየር በነጻነት የሚዘዋወር ኦክሲጅን የለም ለማለት ያስደፍራል። ኦክሲጅኑ በአብዛኛው ከሲሊከን፣ ከብረት፣ ከማግኒዥየምና ከመሰል ንጥረ ነገሮች ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ከዚህ እስራት ውጪ ሆኖ ለሌሎች ንጥረ ነገሮች ሊደርስ የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው። የቅልጥ አለቱን ጠባይ የሚወስነውም ይኸው ጥቂቱ መጠን ነው።

የመጠኑን ማነስ ለመረዳት የአገራችን ኤርታሌ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ስፍራው የተጓዙ ተመራማሪዎች ከላቫ ሐይቁ ጋዝ ቀድተው አጥንተዋል። ቨርነር ጊገንባክና ፍራንሷ ለ ጌርን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት የዚህ ጋዝ ጥናት በዓለም ላይ ከሚጠቀሱ ቀዳሚ የእሳተ ገሞራ ጋዝ ጥናቶች አንዱ ነው። በ1,130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የተቀዳ አንድ ናሙና 77 በመቶ ያህሉ የውሃ እንፋሎት፣ 11 በመቶ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 8 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ሃይድሮጅን 1 ነጥብ 4 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ እያንዳንዳቸው ከአንድ በመቶ በታች ነበሩ።

በናሙናው ውስጥ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ መገኘታቸው ትርጉም አለው። ሁለቱም ኦክሲጅን ቢያገኙ ኖሮ አንደኛው ውሃ፣ ሌላኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆኑ ነበር። በሳይንሳዊ ስሌት መሠረት በዚህ ጋዝ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት ከአንድ የከባቢ አየር ግፊት አንድ ቢሊዮንኛ አይሞላም። ይህም በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር በሦስት መቶ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያነሰ ነው።

ባለሙያዎች እነዚህን ጥቃቅን አኃዞች ለማወዳደር መነሻ መስመር ይጠቀማሉ። ሃንስ ዩግስተር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባስተዋወቁት ዘዴ፣ የታወቁ ማዕድናት በአንድነት ሲገኙ በየሙቀቱ የሚኖረው የኦክሲጅን ግፊት እንደ መለኪያ ይወሰዳል። ከእነዚህም አንዱ ፋያላይት፣ ማግኔታይትና ኳርትዝ የተባሉት ሦስት ማዕድናት የሚሰጡት መስመር ነው። ከመስመሩ አንድ እርከን ከፍ ማለት ኦክሲጅኑ አስር እጥፍ፣ ሁለት እርከን ከፍ ማለት ደግሞ መቶ እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። የኤርታሌ ጋዝ ከዚሁ መነሻ መስመር ላይ ያረፈ ነው።

በውቅያኖሶች ወለል ላይ የምድር ቅርፊት በሚለያይባቸው ስፍራዎች የሚወጣው ቅልጥ አለትም ከመስመሩ ብዙ አይርቅም። በአንጻሩ አንዱ የምድር ቅርፊት በሌላው ስር በሚሰምጥባቸው እንደ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ጃፓን፣ ሜክሲኮና ቺሊ ባሉ አገሮች የሚወጣው ቅልጥ አለት አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ከአንድ እስከ ሁለት እርከን ከፍ ይላል። በብረቱ ሲለካ በመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች የበለጠ የዛገው ብረት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 16 በመቶ ያህል ነው። በኋለኞቹ ግን ሩብና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

የልዩነቱ መነሻ ለረጅም ጊዜ በውቅያኖስ ውሃ ሲታጠብ የኖረውና ዝቃጭ የተሸከመው የምድር ቅርፊት ወደ ታች ሲሰምጥ ይዞት የሚሄደው ውሃና በኦክሲጅን የበለጸገ ቁስ እንደሆነ በርካታ ባለሙያዎች ያምናሉ። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ የሚደርስበት ለውጥ ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ግን ክርክሩ አልተቋጨም።

የኦክሲጅኑ መጠን በመጀመሪያ የሚነካው ብረቱን ነው። ኦክሲጅን በበዛበት ቅልጥ አለት ውስጥ ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ቀድሞ ስለሚረጋ ብረቱን ከፈሳሹ ይቀንሳል፤ ቀሪው ፈሳሽ በሲሊካ እየበለጸገ ይሄዳል። ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ አለት ወፍራምና ዝልግልግ ስለሚሆን በውስጡ ያለውን ጋዝ በቀላሉ አይለቅም። ከውሃው ብዛት ጋር ተደምሮም ለፍንዳታ ከሚያመቻቹት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ኦክሲጅን ባነሰበት ቅልጥ አለት ውስጥ ግን ማግኔታይት ዘግይቶ ስለሚረጋ ፈሳሹ ለረጅም ጊዜ በብረት የበለጸገና ቀጭን እንደሆነ ይቆያል። በኤርታሌ የሚታየው እንደ ውሃ የሚፈስ ጥቁር ላቫ የዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛውና ለሰው ልጅ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ተጽእኖ በሰልፈር ማለትም በድኝ ላይ የሚታየው ነው። ኦክሲጅን ባነሰበት ቅልጥ አለት ውስጥ ሰልፈር ከብረት ጋር ተጣምሮ ሰልፋይድ በሚባል መልክ ይኖራል። በዚህ መልክ ሊሟሟ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ከሺህ እጅ አንድ ወይም አንድ ተኩል እጅ ያህል ብቻ ነው። ትርፉ የብረት ሰልፋይድ ጠብታ ሆኖ ከፈሳሹ ይለያል፤ ከባድ በመሆኑም ወደ ታች ሊዘቅጥ ይችላል። ኦክሲጅኑ ከመነሻው መስመር ወደ ሁለት እርከን ከፍ ሲል ግን ሰልፈሩ ሰልፌት ወደሚባለው መልክ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቅልጥ አለቱ ሊይዝ የሚችለው የሰልፈር መጠን እስከ አስር እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ይህ ለውጥ ኢኮኖሚያዊ ገጽታም አለው። መዳብና ወርቅ ከሰልፋይድ ጠብታዎች ጋር የመሄድ ባህርይ ስላላቸው፣ ጠብታዎቹ በጥልቀት ከቀሩ ማዕድናቱም አብረው ይቀራሉ። ሰልፈሩ ሰልፌት ከሆነ ግን ማዕድናቱ ከቅልጥ አለቱ ጋር ወደ ላይ የመምጣት ዕድል ያገኛሉ። በቺሊ የሚገኙት እንደ ኤል ቴኒየንቴና ቹኪካማታ ያሉ ግዙፍ የመዳብ ክምችቶች በኦክሲጅን ከበለጸገ ቅልጥ አለት ጋር የተያያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

በሰልፌት የበለጸገ ቅልጥ አለት ሲፈነዳ ምን እንደሚከተል በሁለት አጋጣሚዎች በግልጽ ታይቷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በመጋቢትና ሚያዝያ 1982 በሜክሲኮ የፈነዳው ኤል ቺቾን ነው። ከዚህ እሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ ሲመረመር አንሃይድራይት የተባለ የሰልፌት ማዕድን ተገኝቶበታል። አንሃይድራይት ለግድግዳና ለኮርኒስ የምንጠቀምበት ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ልዩነቱ ውሃ የሌለው መሆኑ ነው። በመጠኑ መካከለኛ የነበረው ይህ ፍንዳታ 7 ሚሊዮን ቶን ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ለቋል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1991 በፊሊፒንስ የፈነዳው ፒናቱቦ ነው። በዚህም ድንጋይ ውስጥ አንሃይድራይት የተገኘ ሲሆን፣ ወደ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍል የወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ጋዙ ከአየር እርጥበት ጋር ተዋህዶ ደቃቅ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ሆነና የፀሐይን ብርሃን በከፊል ከለከለ። በዚህም ሳቢያ የዓለም አማካይ የሙቀት መጠን በተከታዩ ዓመት በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀንሷል። አመዱ በሳምንታት ውስጥ ከአየር ሲረግፍ ጠብታዎቹ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

ከዚህ በመነሳት ኦክሲጅን ያነሰበት ቅልጥ አለት አደጋ የለውም ብሎ መደምደም ግን ስህተት ይሆናል። በብረት የበለጸገ ባዛልት ኦክሲጅኑ ጥቂት ቢሆንም ብረቱ ራሱ ሰልፈርን በሰልፋይድ መልክ ስለሚይዝለት፣ በብዛት ሲፈስ የሚለቀው ጋዝ ከፍተኛ ነው። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ በአይስላንድ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1783 እስከ የካቲት 1784 ለስምንት ወራት የቆየው የላኪ እሳተ ገሞራ ነው። ላኪ እንደ ፒናቱቦ በአንድ ጊዜ የፈነዳ ሳይሆን ከረጅም የመሬት ስንጥቅ 15 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ላቫ ያፈሰሰ ነበር። የለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግን 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከፒናቱቦ ቢያንስ ስድስት እጥፍ ነው።

በአይስላንድ የደረሰው ጉዳት ከላቫው ይልቅ በጋዙ ነበር። የአሲድ ጭጋግ ሣሩን አቃጠለ፤ ከጋዝና ከአመድ ጋር የወረደው ፍሎራይድ ግጦሹን መረዘ። ከአገሪቱ እንስሳት ከግማሽ በላይ አለቁ። ተከትሎ በመጣው ረሃብም ከህዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሞተ። ኑሮው በከብት ላይ የተመሠረተ ህዝብ ላቫ ሳይነካው በእሳተ ገሞራ ሊጎዳ እንደሚችል ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ታሪኩ ለአፋር አርብቶ አደር እንግዳ አይደለም። የአፋር ዝቅተኛ ስፍራ እንደ አይስላንድ ሁሉ የምድር ቅርፊት የሚለያይበት፣ ቅልጥ አለትም በስንጥቅ የሚወጣበት አካባቢ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመትና እስከ 8 ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ አለት መሞላቱ ይታወሳል። ያን ጊዜ ወደ ገጸ ምድር የወጣው እጅግ ጥቂት አመድና ድንጋይ ብቻ ነበር። አብዛኛው ቅልጥ አለት ሳይወጣ በመቅረቱ የያዘው ጋዝም በዚያው ልክ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ቀርቷል።

በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ ግዛት ከኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው ናብሮ በፈነዳ ጊዜ ሁኔታው የተለየ ነበር። ቀደም ሲል መፈንዳቱ በታሪክ ያልተመዘገበው ይህ ተራራ ከፒናቱቦ ወዲህ በሳተላይት ከታዩት ትላልቅ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀቶች አንዱን አስከትሏል። በጥር 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኤርታሌ ላቫ ሐይቅ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ በተራራው ላይ አዲስ ስንጥቅ ተከፍቶ ላቫ ለረጅም ጊዜ ፈሷል።

ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታሌ ደቡብ ምስራቅ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ባልተጠበቀ ሁኔታ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባህርን በመሻገር በየመንና በኦማን አድርጎ እስከ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ ደርሷል፤ በህንድ በረራዎች እንዲሰረዙም ምክንያት ሆኗል። በአፍዴራ አካባቢ መንደሮችና ግጦሽ በአመድ ተሸፍነዋል። በሩቅ አገር ጭንቀቱ ስለ በረራ ሲሆን በአካባቢው ግን ስለ ሣርና ስለ ውሃ ነበር።

እነዚህ አጋጣሚዎች የሚያስተምሩት የአመዱን ከፍታ መለካት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የጋዙን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የቅልጥ አለቱ የኦክሲዴሽን ደረጃ በሥራ ላይ ይታያል። ከአንድ ቅልጥ አለት የሚወጣው ሰልፈር እንደ ሁኔታው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊሆን ይችላል። ኦክሲጅን በበዛበት፣ ሙቀቱ ከፍ ባለበትና ግፊቱ ባነሰበት ሁኔታ የመጀመሪያው ይበዛል። ኦክሲጅን ባነሰበት፣ በጥልቀትና በቀዘቀዘ ሁኔታ ደግሞ ሁለተኛው ያመዝናል።

ልዩነቱ ለክትትል ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ሳተላይቶች ሰልፈር ዳይኦክሳይድን በቀላሉ የሚያዩ ሲሆን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ግን ለመለየት ይቸገራሉ። ስለዚህ ሳተላይት ምንም ጋዝ አላሳየም ማለት ከመሬት የሚወጣ ጋዝ የለም ማለት አይደለም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ በጎድጓዳ ስፍራ ሊጠራቀም ይችላል። መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝም ሽታው ጠፋ ብሎ መዘናጋት ለህይወት ያሰጋል።

የከርሰ ምድር ውሃም በመካከል ይገባል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ ከቅልጥ አለት የተነሳው ጋዝ በውሃማ አለት ሲያልፍ ተጣርቶ ይቀርና በአብዛኛው እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብቻ ወደ ላይ ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ እንደ አሉቶ ባሉ የእንፋሎት ኃይል መስኮች የሚሸተው ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ድንገት ብቅ ካለና ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ አንጻር ድርሻው እያደገ ከሄደ፣ መንገዱ እየደረቀና ትኩስ ቅልጥ አለት እየቀረበ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። በዶፈን ለተነሳው ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው።

ዘዴው የሰው ህይወት እንዳተረፈ በፒናቱቦ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1991 በቀን 500 ቶን ያህል የነበረው የተራራው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት በግንቦት 28 ከ5,000 ቶን በላይ ደረሰ። ባለሙያዎች ይህንን ትኩስ ቅልጥ አለት ወደ ላይ እየመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ወሰዱት። ልቀቱ ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲቀንስም እንደ መረጋጋት ሳይሆን የጋዝ መውጫው እንደተደፈነ በመቁጠር ስጋታቸውን አጠናከሩ። ከመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ ጋር ተዳምሮ በተሰጠው ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ የተነሳው ነዋሪ ቢያንስ የ5,000 ሰዎች ህይወት እንደተረፈለት ይገመታል።

ይሁንና አንድ ልኬት ብቻውን የሚሰጠው መልስ ውስን ነው። ሰልፈር ከቅልጥ አለቱ ሲወጣ የቀረው ፈሳሽ የኦክሲዴሽን ደረጃ ራሱ ይለወጣል። በሃዋይ በኪላዌያ የተካሄዱ ጥናቶች ጋዙ በወጣ ቁጥር በቅልጥ አለቱ ውስጥ የበለጠ የዛገው ብረት ድርሻ እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል። በመሆኑም ዛሬ የሚወጣ ጋዝ ትርጉም የሚኖረው ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ተራራው ጸጥ ባለበት ጊዜ ያልተለካ ጋዝ ተራራው ሲናወጥ ማነጻጸሪያ አይኖረውም። ሃይሊ ጉቢን የመሰለ በታሪክ ያልተመዘገበ እሳተ ገሞራ በድንገት ሊፈነዳ መቻሉም ልኬቱ በታወቁት ተራሮች ብቻ ሊወሰን እንደማይገባ ያሳያል።

ለአስተዳደር ኃላፊዎች ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ቁም ነገር ግልጽ ነው። ከእሳተ ገሞራ አካባቢ ሪፖርት ሲቀርብ የጭሱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የጋዙን ዓይነት፣ በሁለቱ የሰልፈር ጋዞች መካከል ያለውን ምጣኔና ካለፈው ልኬት ያለውን ለውጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጎን ለጎንም ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፣ በዚያ አቅጣጫ የትኛው መንደር፣ የትኛው ግጦሽና የትኛው የውሃ ጉድጓድ እንደሚገኝ አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ይገባል። አመድ በወረደበት ስፍራ ከብቶችን ከተሸፈነ ግጦሽ ማራቅ፣ ውሃን መክደንና የፍሎራይድ መጠኑን ማስመርመር ከላኪ የተገኘ ትምህርት ነው። በስምጥ ሸለቆ የመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ከወትሮውም ከፍተኛ በሆነባቸው ወረዳዎች ደግሞ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ሊሆን ይገባዋል።

ከኤርታሌ የተቀዳው ጋዝ ለዓለም ሳይንስ ማነጻጸሪያ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ያ ልኬት የተወሰደው ተራራው ለሚጠናው ምሁር እንጂ በግርጌው ለሚኖረው አርብቶ አደር ተብሎ አልነበረም። መሬት በሚቀጥለው ጊዜ ተሰንጥቆ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ፣ ለነዋሪው ጥያቄ በሰዓታት ውስጥ መልስ መስጠት የሚቻለው ልኬቱ አስቀድሞ በእጅ ካለ ብቻ ነው።